ብሎክቼይንና ትልልቅ ዳታ፦ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ስለ ብሎክቼይን ሲወራ ጥያቄው ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ «ብር ይገኝበታል ወይ?» ይላል። ሌላው ከዩኒቨርሲቲው፣ ከሆስፒታሉና ከሰሊጥ ማኅበራት አካባቢ ነው፦ «ዳታችንን ሳንነጠቅ ለሌላው እንዴት እናካፍል?» እዚህ የሚመለሰው ሁለተኛው ነው። ጥያቄው ከባድ ነው። ከጀርባው የብዙ ሰው ሕመም፣ የብዙ ገበሬ ልፋት አለ።

ብሎክቼይን ማለት ቢትኮይን አይደለም እንዴ?

አይደለም። ቢትኮይን የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በብሎክቼይን ላይ ከተሠሩ ነገሮች አንዱ ነው። ዝነኛው እሱ ስለሆነ ስሙ ሌላውን ሸፈነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተጻፈው የቢትኮይን ጽሑፍ የወጣው ኦክቶበር 31 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. አንድ ዲጂታል ሰነድ መቼ እንደተዘጋጀና ከዚያ ወዲህ እንዳልተነካ የሚያረጋግጥ ዘዴ አሳትመዋል። የነገሩ ሥር መዝገብ ነው፤ ገንዘቡ በኋላ የመጣ ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ባለ ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን በ2022 እ.ኤ.አ. አሳስቧል። ከዚህ በታች የምናወራው ሳንቲም የሌለበትን፣ ተቋማት ተስማምተው በፈቃድ የሚገቡበትን መዝገብ ነው።

ታዲያ በቀላሉ ምንድን ነው?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ መሬት ሲሸጥ ውሉ ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ገጽ ወይም ህዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጭና የገዢ ስም፣ ዋጋው፣ ከዚያ የምስክሮች ዝርዝር ይሰፍራል። ሰው ያመነው ጸሐፊውን ብቻ አልነበረም። የምስክሮቹን ብዛትና ያንን መጽሐፍ መፋቅ የማይደፈር መሆኑን ጭምር ነው። ድክመቱ መጽሐፉ አንድ ቦታ መቀመጡ ነበር። ደርቡሾች በ1888 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥሉ፣ መጽሐፉ የነደደበት ደብር ውሉም አብሮት ነደደ።

ብሎክቼይን ቅጂው በእያንዳንዱ ምስክር እጅ ያለ መዝገብ ነው። መፋቅ የሚከለከልበት መንገድ ደግሞ ሒሳብ ነው። ከማንኛውም ፋይል፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሃሽ የሚባል አጭር መለያ ይወጣል። ኤስኤችኤ-256 የተባለው ዘዴ ሁልጊዜ 256 ቢት ያወጣል፤ ሲጻፍ 64 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። ፋይሉ ላይ አንዲት ነጥብ ብትቀየር መለያው ፈጽሞ ሌላ ነው። መዝገቡ ብሎክ በሚባሉ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ብሎክ የቀደመውን ብሎክ ሃሽ ስለሚይዝ እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ። ስለዚህ የአምናውን መዝገብ መቀየር የፈለገ ሰው ከዚያ ወዲህ ያለውን በሙሉ፣ በሌሎቹም እጅ ባለው ቅጂ ላይ፣ መቀየር አለበት።

ጎንደር ውስጥ «ቢግ ዳታ» የሚባል ነገር አለ?

አለ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ ዳባትን ታገኛላችሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚያ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው። ሥራው የተጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን አካባቢውን እንደለቀቀ ይመዘግባሉ። ሰው ሲሞት ደግሞ ቤተሰቡ ጋ ቁጭ ብለው ምን እንዳመመው፣ ስንት ቀን እንደተኛ፣ ሳል እንደነበረው ይጠይቃሉ። የአንድን ወረዳ ሕዝብ ይህን ያህል ዘመን እየተከተለ የተከማቸ መዝገብ በአገራችን ብርቅ ነው።

ሁለተኛው ካላዛር ነው። ይህን በደንብ እንየው፤ የመጋራት ችግር ከዚህ በላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው ብዙ ወጣት ወደ መተማ፣ ወደ አብደራፊና ወደ ሁመራ ይወርዳል። የአሸዋ ዝንብ ነክሳው በሽታውን ይዞ ይመለሳል። አንዱ እዚያው ቆላ ይታከማል፣ ሌላው ጎንደር ድረስ ይመጣል። የካላዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከል ያለው ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ነው። በሽታው ደግሞ ሊያገረሽ ይችላል፤ ኤችአይቪ አብሮ ካለ ይብሳል። ሲያገረሽበት ግን ሠራተኛው የት ነው ያለው? ምናልባት ሌላ ጣቢያ። እዚያ ያለው ሐኪም የመጀመሪያው ሕክምና ምን እንደነበር ማወቅ ይፈልጋል። በሽተኛው ኪስ ውስጥ ያለው ላብ ያረጠበው የሪፈር ወረቀት ነው፤ እሱም ካልጠፋ።

ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የሰሊጥ ግብይት መዝገብ ሲጨመር ነገሩ ይሰፋል። ከብዛቱ በላይ የሚያስቸግረው ግን በየቦታው ተበትኖ ባለቤቱ ብዙ መሆኑ ነው።

አሁንስ እየተጋራን አይደለም እንዴ?

እየተጋራን ነው፤ በፍላሽ፣ በኢሜይልና በቴሌግራም። የማስተርስ ተማሪው ደብዳቤ ያጽፋል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ይፈረምለታል። ከዚያ የኤክሴል ፋይሉን በፍላሽ ይቀበላል። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ፋይሉ ግን ዓለምን ይዞራል። «የመጨረሻው»፣ «የመጨረሻው 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻው» እየተባለ ስሙ ይቀያየራል። ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው ትክክል እንደሆነ፣ ማን ጋ እንዳለ፣ ማን ለማን እንደሰጠው የሚያውቅ የለም።

ሌላው መንገድ ሁሉንም አንድ ማዕከል ላይ ማከማቸት ነው። ለመሥራት ይቀላል። ግን ዳታውን የሰበሰበው ተቋም «ከሰጠሁ በኋላ ማን ይጠይቀኛል?» ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ተገቢ ነው። በዚያ ላይ ማዕከሉ ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ይወድቃል፤ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ የማያውቅ ሰው የለም።

ሙሉውን ዳታ ለምን ብሎክቼይኑ ላይ አንጭነውም?

አይቻልም፤ ቢቻልም አይገባም። ሒሳቡን እንሥራው። የቢትኮይን ብሎክ ጣሪያ ለዓመታት 1 ሜጋባይት ነበር። አንድ ብሎክ በአማካይ በ10 ደቂቃ ይወጣል። 500 ሜጋባይት የሆነ የአንድ በሽተኛ ሲቲ ስካን ብንጭን 500 ብሎክ ይፈጃል። 5,000 ደቂቃ ማለት ነው፤ ሦስት ቀን ተኩል ገደማ፣ ያውም ሌላው ሁሉ ሥራውን አቁሞ። በፈቃድ የሚገባባቸው ብሎክቼይኖች ከዚህ በጣም ይፈጥናሉ። ቢሆንም ያንን ፋይል እያንዳንዱ አባል ገልብጦ ለዘላለም መሸከም አለበት። 5 ተቋም ካለ 5 ቅጂ ነው። የታካሚ ምስል ደግሞ አምስት ቦታ ተገልብጦ መቀመጡ በራሱ አደጋ ነው።

ስለዚህ ሰንሰለቱ ላይ የሚወጣው ዳታው ራሱ ሳይሆን ስለ ዳታው የሚናገረው ነው። ሃሹ፣ ባለቤቱ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ ማን እንዲያይ እንደተፈቀደለት፣ መቼ እንዳየው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ኪሎባይት ብዙም አይዘልም።

ሚሊዮን መዝገብ ቢኖርስ? እዚህ ላይ ራልፍ መርክል በ1979 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ይመጣል። የእያንዳንዱ መዝገብ ሃሽ ይወጣል። ሃሾቹ ሁለት ሁለት እየተጣመሩ እንደገና ሃሽ ይወጣላቸዋል። እንዲህ እየተባለ ላይ ሲደርስ አንድ ሃሽ ብቻ ይቀራል። ሰንሰለቱ ላይ የሚሰፍረው እሱ ብቻ ነው። ከሚሊዮኑ ውስጥ አንዱ መዝገብ እንዳልተነካ ለማሳየት 20 ሃሽ ማቅረብ ይበቃል። መጠኑ 640 ባይት ነው፤ ከአንድ ረዘም ያለ የቴሌግራም መልእክት አይበልጥም። በደካማ ኔትወርክም ያልፋል።

ዳታው ታዲያ የት ይቀመጣል? አይፒኤፍኤስ ላይ?

እኔ የምመርጠው በየባለቤቱ ሰርቨር ላይ፣ ተመስጥሮ እንዲቀመጥ ነው። የዳባቱ ዳባትን በሚያስተዳድረው ተቋም፣ የሆስፒታሉ በሆስፒታሉ።

አይፒኤፍኤስን ሁዋን ቤኔት የጀመረው ሲሆን ፋይልን በአድራሻው ሳይሆን በይዘቱ ሃሽ የሚፈልግ ሥርዓት ነው። ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ዳታ፣ ለምሳሌ ለዝናብ መጠን ወይም ለካርታ፣ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን ሰዎች ይሳሳታሉ። አንደኛ፣ አይፒኤፍኤስ በራሱ ፋይሉን አይመሰጥርም፤ መለያውን ያገኘ ሰው ፋይሉን ማውረድ ይችላል። ሁለተኛ፣ ፋይሉን እንዲይዝ የታዘዘ ኮምፒውተር ከሌለ ፋይሉ ሊጠፋ ይችላል። «አንዴ ከጫንኩት ለዘላለም አለ» የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያስለቅሳል።

አንድ ተመራማሪ ዳታ ሲጠይቅ በተግባር ምን ይሆናል?

የዳባትን የአምስት ዓመት የሞት መዝገብ የምትፈልግ ተመራማሪ ባሕር ዳር አለች እንበል። ጥያቄዋን በዲጂታል ፊርማዋ ፈርማ ትልካለች። ለምን እንደምትፈልገው፣ የትኞቹን ዓምዶች፣ ለስንት ጊዜ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዷ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጥያቄው ላይ አለ። ጥያቄው ሰንሰለቱ ላይ ሲገባ ስማርት ኮንትራት ያነበዋል። ስማርት ኮንትራት ማለት አባላቱ አስቀድመው የተስማሙበት ደንብ ሆኖ በፕሮግራም የተጻፈ ነው። የኮሚቴው ፊርማ ከሌለ ወይም ጊዜው ካለፈ ጥያቄው እዚያው ይቆማል። የኃላፊው ወዳጅ ብትሆንም ያው ነው።

ደንቡ ከተሟላና ባለቤቱ ከፈቀደ ፋይሉ ከዳባት ሰርቨር በቀጥታ ወደ እሷ ይሄዳል። ፋይሉ በአንድ ቁልፍ ተቆልፏል። ያ ቁልፍ ደግሞ ማንም ሊያውቀው በሚችለው በእሷ የይፋ ቁልፍ ተቆልፎ ይላካል፤ የሚከፍተው እሷ ብቻ የያዘችው የግል ቁልፍ ነው። ፋይሉ ሲደርሳት ሃሹን አውጥታ ሰንሰለቱ ላይ ካለው ጋር ታስተያያለች። አንድ ከሆነ የደረሳት ትክክለኛው ነው። ጽሑፏን ስታሳትም ያንን ሃሽ ትጠቅሳለች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ውጤቷን የሚፈትሽ ሰው የትኛውን ፋይል እንደተጠቀመች ያውቃል። «ትክክለኛው የመጨረሻው» የሚባል ጣጣ የለም።

ከዚህ የተሻለም አለ። ዳታው ከቦታው ሳይነቃነቅ የተመራማሪዋ ፕሮግራም ወደ ዳታው ይመጣል። እዚያው ይሠራል፤ ይዞ የሚወጣው ድምሩን ብቻ ነው። ለካላዛር ዳታ እኔ ይህን እመርጣለሁ። የበሽተኛው ቁጥር ጥቂት ስለሆነ ስሙ ቢፋቅም ዕድሜው፣ ቀበሌውና የታከመበት ወር ተደምሮ ማንነቱን ያሳብቃል።

ፈቃዱን ብሰርዝ የሄደው ዳታ ይመለሳል?

አይመለስም። ስረዛው ከዚያ በኋላ ያለውን በር ይዘጋል። የተገለበጠውን ፋይል ከሰው ኮምፒውተር የሚያወጣ ቴክኖሎጂ ብሎክቼይን አይደለም። «ይመልሳል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙት።

የታካሚውን ስልክ ወይም ፋይዳ ቁጥር በሃሽ ከቀየርነው ማንም አያውቀውም፣ አይደል?

ያውቀዋል! ይህ ስህተት በብዙ የፕሮጀክት ንድፍ ውስጥ ስላለ ረዘም አድርገን እንየው።

ሃሽ ወደ ኋላ አይፈታም የሚባለው እውነት ነው። ግን መፍታት አያስፈልግም፤ መሞከር ይበቃል። በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥር ከዚያ በኋላ 8 አኃዝ አለው። ሁሉም ቢቆጠሩ 100 ሚሊዮን ናቸው። ተራ ላፕቶፕ የእነዚህን ሁሉ ሃሽ በደቂቃዎች ውስጥ አስልቶ ይጨርሳል። ከዚያ ሰንሰለቱ ላይ ካለው ጋር ማመሳሰል ብቻ ነው። የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዝ ነው፤ ይህም ረጅም ይመስላል። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰው ግን በሰከንድ ቢሊዮኖች ሃሽ ስለሚያሰላ ብዙም አይቆይበትም። የሆስፒታል ካርድ ቁጥርማ ከሁሉም ያጠረ ነው።

ነገሩ ሰንሰለቱ ላይ ስለሆነ ደግሞ አይሰረዝም። አንዲት እናት የኤችአይቪ ክትትል ላይ እንደነበረች የሚያሳብቅ መስመር ለዘላለም ተጻፈ ማለት ነው። ይህን ቀላል አድርጎ ማየት አይቻልም። መፍትሔው ሃሹ ከመውጣቱ በፊት ተቋሙ ብቻ የሚያውቀው ረጅም ምስጢራዊ ቁልፍ መጨመር ነው። ከዚህም የሚሻለው ስለ ግለሰብ የሚናገር ምንም ነገር ሰንሰለቱ ላይ አለማውጣት ነው። የሚወጣው የመዝገቡ ጥቅል ሃሽ ብቻ ይሁን።

የማይሰረዝ መዝገብ ከሕጉ ጋር አይጋጭም?

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባለዳታው መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የጤና መረጃን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው አድርጎ አስቀምጧል። ግለሰብን የሚመለከት ነገር ሰንሰለቱ ላይ ከወጣ ግጭቱ አይቀሬ ነው። ካልወጣ ግን ስረዛው ዋናው ሰርቨር ላይ ይፈጸማል። ፋይሉ ይጠፋል፣ የተቆለፈበት ቁልፍም ይጠፋል። ሰንሰለቱ ላይ የቀረው ሃሽ ከምንም ጋር የማይገናኝ ባዶ ቁጥር ይሆናል። የሕግ ባለሙያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሯችሁ ይቀመጥ። መጨረሻ ላይ ለፊርማ የሚጠራ ከሆነ ረፍዷል።

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ይሠራል?

ይሠራል፤ አቀማመጡ ከታሰበበት። በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ያለው ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ የተባለ የብሎክቼይን ሶፍትዌር ራፍት የሚባል የስምምነት ዘዴ ይጠቀማል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ከግማሽ በላይ ኖድ (የመዝገቡን ቅጂ የያዘ ኮምፒውተር) ካለ ሥራው ይቀጥላል። አምስት ኖድ ካለ ሁለቱ ቢጠፉ ሦስቱ ይዘልቃሉ። መብራት የሄደበት ኖድ ሲመለስ ያመለጠውን ብሎክ ከጓደኞቹ ወስዶ ይደርስባቸዋል።

ወጥመዱ አምስቱንም ኖድ አንድ ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ጀነሬተር ላይ መሰካት ነው። ያ ያልተማከለ አይባልም፤ አምስት ኮምፒውተር ያለው ማዕከል ነው። አንዱ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴዎድሮስ ግቢ፣ አንዱ ሆስፒታሉ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሌላ ክልል ያለ አጋር ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ጥሩ ነው። መተማ ያለው ጤና ጣቢያ ኖድ መያዝ የለበትም። መስመር በሌለበት ሰዓት መዝገቡን እዚያው ይያዝ፤ መስመር ሲመጣ የቀኑን ጥቅል ሃሽ ይላክ።

አንድ ነገር ልጨምር። ራፍት የሚችለው የሚጠፋን ኖድ እንጂ የሚዋሽን አይደለም። አንዱ አባል ሆን ብሎ ያታልላል የሚል ስጋት ካለ ሌላ ዓይነት ስምምነት ያስፈልጋል። አንድ ዋሾን ለመቋቋም ቢያንስ 4 ኖድ፣ ሁለት ዋሾን ለመቋቋም 7 ኖድ ይጠይቃል።

ኃይል ይፈጃል ይባላል?

ኃይል የሚፈጀው እንደ ቢትኮይን ማይኒንግ (ብሎክ ለመጻፍ ኮምፒውተሮች በስሌት የሚሽቀዳደሙበት ሥራ) ያለበት ነው። ኢቴሪየም የተባለው ሌላ ብሎክቼይን በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. ማይኒንግን ሲተው የኃይል ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። በፈቃድ የሚገባበት ብሎክቼይን ማይኒንግ የለውም። እንደ ማንኛውም ሰርቨር ነው።

ሰሊጣችንን ከማሳ እስከ ገዢ ለመከታተል ይረዳል?

በከፊል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሰሜን ምዕራቡ ነጭ ሰሊጥ «ሁመራ/ጎንደር» በሚል ስም ይታወቃል። ስሙ ዋጋ አለው። ማኅበሩ፣ ዩኒየኑ፣ መጋዘኑና ላኪው አንድ መዝገብ ቢጋሩ ስሙን መጠበቅ ይቀላል። ጭነቱ ከየት ተነሳ፣ ስንት ኩንታል፣ እርጥበቱ ስንት፣ ማን ተረከበ፤ ሁሉም በየተራ ይፈርማል። የክፍያ ጭቅጭቅም ይቀንሳል።

ግን ብሎክቼይን ጆንያ ውስጥ አያይም። መተማ በር ላይ የሌላ አካባቢ ሰሊጥ ተደባልቆ «የእኛ ነው» ተብሎ ከተመዘገበ ሰንሰለቱ ያንን ውሸት በታማኝነት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ማኅበር ቅድሚያ ለሚዛን፣ ለእርጥበት መለኪያና ናሙናውን በአግባቡ ለሚወስድ ሰው ያውጣ። ሶፍትዌሩ ከዚያ ይደርሳል።

የሠራው አገር አለ?

ኢስቶኒያ በ2007 እ.ኤ.አ. ከባድ የሳይበር ጥቃት ከደረሰባት በኋላ የመንግሥት መዝገቦቿ እንዳልተነኩ የሚያረጋግጥ የሃሽ ሰንሰለት ዘርግታለች፤ የጤና መዝገብም ይጠቀምበታል። የታካሚው ታሪክ ሰንሰለቱ ላይ የለም፤ ያለው ሃሹ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሜድሬክ የተባለ የሙከራ ሥርዓት ተሠርቷል። እሱም የሚይዘው ፈቃዱንና አድራሻውን እንጂ የሕክምና ፋይሉን አይደለም።

በእኛም አገር የትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን የገነባው ኩባንያ በኤፕሪል 2021 እ.ኤ.አ. የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን ለመመዝገብ ስምምነት ይፋ አድርገዋል።

የወደቀውንም ማየት ያስፈልጋል። ማርስክና አይቢኤም በ2018 እ.ኤ.አ. ለመርከብ ጭነት ትሬድሌንስን አቋቁመው ነበር። በኖቬምበር 2022 እንደሚዘጋ ተነገረ። ሶፍትዌሩ እየሠራ ነው የተዘጋው፤ የጠፋው የዘርፉ ተዋናዮች ሁሉ ተስማምተው መግባታቸው ነበር። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለኛል። ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና ጤና ቢሮው ቁጭ ብለው በደንቡ ካልተስማሙ ሰርቨር መግዛት ዋጋ የለውም።

ተራ ዳታቤዝ አይበቃንም?

ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዳታው የአንድ ተቋም ከሆነ፣ የሚጽፈውም አንድ ወገን ከሆነ፣ ጥሩ ዳታቤዝና በየቀኑ የሚያዝ ባክአፕ ይሻላል። ካርድ ክፍል ውስጥ የአንድ ሰው ስም ሦስት ዓይነት ተጽፎ ሦስት ካርድ ካለው ብሎክቼይን ሦስቱንም አጽንቶ ያስቀምጣቸዋል። መጀመሪያ ካርዱ አንድ ይሁን።

ብሎክቼይን የሚያስፈልገው ብዙ ተቋማት በአንድ መዝገብ ላይ ሲጽፉ፣ አንዳቸውም ለሌላው ብቻውን አደራ መስጠት ሳይፈልጉ፣ በኋላም «ማን ምን አደረገ» የሚል ክርክር ሊነሳ ሲችል ነው። የካላዛሩ ጉዳይ ይህን ያሟላል። የአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ መዝገብ አያሟላም።

የግል ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ሥራ ቢለቅስ?

ቁልፉ የሰውየው እንጂ የተቋሙ አይሁን፤ ተቋሙ የራሱ አለው። ሠራተኛው ሲለቅ የሱ ዲጂታል ምስክር ወረቀት (ቁልፉ የሱ መሆኑን የሚያረጋግጠው) በዚያው ቀን ይሰረዛል። የተቋሙ ዋና ቁልፍ ለሦስት ኃላፊዎች ተከፋፍሎ ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። የቁልፍ አያያዝ ደንብ የሌለው ፕሮጀክት አይጀመር።

ዳታው የተሰበሰበበት ገበሬ ከዚህ ምን ያገኛል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። የዳባት ገበሬ መረጃ ሰብሳቢውን በር ከፍቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ የልጁን ሞት ሳይቀር ተርኮለታል። ከዚያ ያ ታሪክ የት እንደደረሰ የነገረው የለም። የብሎክቼይን መጋራት አንድ የሚታይ ጥቅም ካለው፣ እያንዳንዱ ፈቃድ ተመዝግቦ መቀመጡ ነው። ስለዚህ ወደ ባለቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ገበሬው ስማርት ስልክ አያስፈልገውም። ሰብሳቢው በቀጣዩ ዙር ሲመጣ ከሰንሰለቱ የወጣ አንድ ገጽ ይዞ ይምጣ። በአማርኛ፣ ጉልህ በሆነ ፊደል፦ የቀበሌያችሁን ዳታ ማን ወሰደ፣ ለምን፣ ምን አገኘበት። ማንበብ ለማይችል ይነበብለት። «ለዚህ ዓይነት ጥናት አልፈልግም» ካለም እዚያው ይመዝገብለት፤ ስማርት ኮንትራቱም ከዚያ ወዲህ ያክብረው። ይህ ከማንኛውም የኖድ ብዛት በላይ መሟላት ያለበት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ተማሪ ነኝ፤ ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ሃሽና ዲጂታል ፊርማን በፓይተን ራሳችሁ ሞክሩ፤ አንድ ከሰዓት ይበቃል። ከዚያ የፋብሪክን መለማመጃ ኔትወርክ ዶከር ላይ ጫኑ። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይችለዋል። ስማርት ኮንትራቱን ጎ (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በጃቫ ወይም በጃቫስክሪፕት መጻፍ ይቻላል። ፋይሎቹ ከባድ ስለሆኑ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ ደህና በሆነበት ሰዓት አውርዱና ለጓደኛ በሃርድ ዲስክ አካፍሉ።

የእውነተኛ ታካሚ ዳታ ለመለማመጃ አይነካም። ስም፣ ካርድ ቁጥርና ውጤት በኮምፒውተር ፈጥራችሁ ተጠቀሙ።

ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ለሚፈልግ ደግሞ ይኸውና፦ አምስት ኖድ አቁሙ፣ አንዱን ለሙሉ ቀን አጥፉት፣ ከዚያ በደካማ የሞባይል ኔትወርክ መልሱት። ከጓደኞቹ ጋር እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ፈጀበት? ስንት ሜጋባይት በላ? ለመተማና ለዳባት የሚሆን ሥርዓት የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቁጥር ይህ ነው።